ከመቶ 45 የሚከፍል የምንጣፍ ጽዳት ንዑስ ውል ቀርቦልኛል፤ ልፈርም?

የስፕሪንግፊልዱ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ስፕሪንግፊልድ ነው። ስድስት ዓመት ሰው በመኪና ሳመላልስ ቆይቼ አሁን ሥራ ልቀይር ተነሥቻለሁ። አንድ የምንጣፍ ጽዳት ድርጅት በንዑስ ተቋራጭነት ሊያሠራኝ ውል ልኮልኛል። ደንበኛውን እነሱ ያመጣሉ፣ ቀጠሮውን እነሱ ይይዛሉ፣ ዋጋውን እነሱ ይቆርጣሉ፤ እኔ በራሴ ቫን፣ በራሴ ማሽን፣ በራሴ ሳሙናና ነዳጅ ሄጄ አጥባለሁ። ደንበኛው ከከፈለው ከመቶ 45 ለእኔ፣ ከመቶ 55 ለእነሱ።

የሚያስተዋውቁት «ሦስት ክፍል በ129 ዶላር» እያሉ ነው። ደረጃ፣ ሶፋና የውሻ ሽንት ማስለቀቂያ ሲጨመርበት ግን አንድ ቤት በአማካይ 190 ዶላር ያስገባል ብለውኛል። በቀን ሦስት ቤት፣ በሳምንት አምስት ቀን። 15 ቤት በ190 ሲባዛ 2,850 ዶላር ነው፤ የእኔ ድርሻ በሳምንት 1,282 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል።

እቁብ ወጥቶልኝ 9,000 ዶላር በእጄ አለ፤ ያገለገለ ቫንና በእጅ የሚገፋ ማሽን ልገዛበት አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን «አንተ የምትቆጥረው የሚገባውን ነው፤ የሚወጣውን ማን ቆጠረው?» ብላ ውሉን ከጠረጴዛ ላይ አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ከትታዋለች። ሥራውን የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ። ከመቶ 45 ያንሳል ወይስ ደህና ነው?

ቱቦ ጎታች፦

ወንድሜ፣ ባለቤትህን ስማት። 11 ዓመት ቱቦ ጎትቻለሁ፤ አራቱን ዓመት የሠራሁት እንደ አንተ በንዑስ ተቋራጭነት ነው። «ከመቶ ስንት?» የሚለው በመጨረሻ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «በስንት ማይል?» ነው።

የእኔ የያኔ ውሎ ይህን ይመስል ነበር፦ ጠዋት ዉድብሪጅ፣ ረፋድ ላይ ሜሪላንድ ሮክቪል፣ ከሰዓት በኋላ ማናሳስ። አገሩን ታውቀዋለህ፤ የፖቶማክን ወንዝ ሁለት ጊዜ ተሻግረህ ነው የምትውለው። ቢሮ ተቀምጣ ስልክ ለምታነሣው ልጅ የሚታያት ክፍት ሰዓት እንጂ መንገድ አይደለም። በቀን 100 ማይል ሞላ ማለት ነው።

አሁን በአንተ ቁጥር እንሥራው። በሳምንት 500 ማይል። አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) ለ2025 ለሥራ መኪና በማይል 70 ሳንቲም ወጪ ፈቅዶ ነበር፤ ነዳጁም፣ ጎማውም፣ ጥገናውም፣ የመኪና መድኑም፣ የመኪናው ማርጀትም እዚያ ውስጥ ነው። 350 ዶላር ሄደ። ሳሙናና ሌላው ኬሚካል ለአንድ ቤት 8 ዶላር ቢፈጅ 120 ነው። ለተጠያቂነት መድን 25፣ ለፓምፕ፣ ለሞተርና ለተቀደደ ቱቦ 50 ያዝለት። ባጠቃላይ 545። ከ1,282.50 ሲነሣ 737.50 ይቀራል። የግል ሠራተኛ የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ግብር ደግሞ 104 ዶላር ገደማ ይወስዳል። 633 ዶላር ቀረህ፤ የገቢ ግብሩ ገና አልተነካም።

ሰዓቱንም ቁጠረው። ለአንድ ቤት ሁለት ሰዓት፣ ለመንገድ ሦስት፣ ማታ ታንክ ለማጠብና ዕቃ ለመሙላት አንድ። በቀን 10፣ በሳምንት 50 ሰዓት። 633 ለ50 ሲካፈል 12 ዶላር ከ67 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ2025 12 ዶላር ከ41 ነበር። እቁብህን አፍስሰህ፣ ቫን ገዝተህ፣ በሰዓት በ26 ሳንቲም ብልጫ «ባለድርጅት» ትባላለህ።

ግባበት፦

ሰው ሲያስፈራራ ደስ አይለኝም። ሁሉም ነገር ሲጀመር ከባድ ነው። ግባበት ወንድሜ፣ ውስጡ ስትሆን መንገዱ ይከፈታል።

ቱቦ ጎታች፦

መንገዱማ ይከፈታል። የሚከፈተው ቤልትዌይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ ሆነህ ነው፣ ያውም በሌሊት።

ሒሳብ ያዥ፦

የቱቦ ጎታች ስሌት ጥሩ ነው፤ ንጽጽሩ ግን ትንሽ ተዛብቷል። ተቀጣሪም ቢሆን ከደመወዙ 7.65 ከመቶ ይቆረጥበታል፤ ስለዚህ 12.41 እጁ ሲገባ 11 ዶላር ከ46 ነው። በዚህ በኩል ለጠያቂው ይሻለዋል። በሌላ በኩል ግን ተቀጣሪ ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው አንድ ተኩል ይታሰብለታል። 50 ሰዓት የሠራ ሰው የ55 ሰዓት ይከፈለዋል፦ 682 ዶላር ከ55። ከተቆረጠ በኋላ 630። እንግዲህ በዝቅተኛው ደመወዝ የተቀጠረ ሰው 630፣ ቫንና ማሽን ይዞ የመጣው ጠያቂያችን 633። ሥራ ላይ ቢወድቅ ተቀጣሪው የሠራተኞች ካሣ መድን አለው፤ ንዑስ ተቋራጩ ራሱ ካልገዛ የለውም። በእርጥብ ደረጃ ላይ ማሽን ተሸክሞ ለሚወርድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግብሩን በተመለከተ፦ ደብሊው-9 (ስምህንና የግብር መለያ ቁጥርህን የምታሳውቅበት ቅጽ) ሞልተህ ትሰጣለህ፣ ዓመቱ ካለቀ በኋላ 1099-ኤንኢሲ (የተከፈለህ የሚጻፍበት ቅጽ) ይመጣልሃል፣ ማንም አስቀድሞ አይቆርጥልህም። 15.3 ከመቶው (12.4 ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 2.9 ለሜዲኬር) የሚሰላው ከተጣራ ትርፍህ 92.35 ከመቶው ላይ ነው። በዓመት አራት ጊዜ ግምታዊ ክፍያ አለ፤ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ 15። በየዓመቱ ማርች ላይ ቢሮዬ መጥተው የሚያለቅሱ ወንድሞች አሉ፤ ሁሉም ገንዘቡን የራሳቸው መስሏቸው የበሉ ናቸው። ሌላ የባንክ ሒሳብ ክፈትና ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ሩብ ያህሉን ወዲያው አስቀምጥ። የማይል መዝገብም ያዝ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ምክንያቱን። ያለ መዝገብ 70 ሳንቲሙ የለም።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ዋጋውን እነሱ ከቆረጡ፣ ሰዓቱን እነሱ ከያዙ፣ የእነሱን ሸሚዝ ካለበሱህ፣ ለሌላ ድርጅት መሥራት ከከለከሉህ፣ አንተ በርግጥ ተቋራጭ ነህ ወይስ ስሙ የተቀየረ ተቀጣሪ? ቨርጂኒያ በ2020 ባወጣቻቸው ሕጎች በክፍያ የሚሠራ ሰው ተቀጣሪ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ነጻ ተቋራጭ መሆኑን በአይአርኤስ መመዘኛ ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ሠራተኛው ራሱ መክሰስም ይችላል። አይአርኤስም ኤስኤስ-8 በሚባል ቅጽ ሲጠየቅ ጉዳዩን መርምሮ ይወስናል። ውሉ ላይ «ነጻ ተቋራጭ» ተብሎ በትልቁ መጻፉ ነገሩን አይቀይረውም።

ከጋይተርስበርግ፦

እኔ ደግሞ በወዲያኛው ወገን ነኝ። አነስተኛ የጽዳት ድርጅት አለኝ፤ ሦስት ንዑስ ተቋራጮች አብረውኝ ይሠራሉ። እዚህ ሰፈር «ድርጅቱ 55 ይወስዳል» ሲባል ሰው ባለድርጅቱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ብር የሚቆጥር ይመስለዋል። እስቲ የእኔን መዝገብ ላሳያችሁ።

ከ190 ዶላር ሥራ ላይ 55 ከመቶው 104 ዶላር ከ50 ነው። አንድ አዲስ ደንበኛ ሥራ እስኪሰጠኝ ለማስታወቂያ የማወጣው ባለፈው ዓመት በአማካይ 50 ዶላር ነበር። የሚደውለው ሁሉ ቀጠሮ አይዝም፣ ቀጠሮ የያዘውም ሁሉ ቤት አይገኝም። ለካርድ ክፍያ 6፣ ስልክ ለሚያነሣና ቀጠሮ ለሚይዝ ሰው 18፣ ለመድንና ለመሰል ነገር 8። 22 ዶላር ከ50 ቀረኝ። ከዚያ ላይ አንዲት ደንበኛ «እድፉ ተመልሶ ወጣ» ብላ ብትደውል የሁለት ቤት ትርፍ በነነ። ሥራ ማምጣትም ሥራ ነው።

ታዲያ በምን ትኖራለህ ብትሉኝ፣ በሁለተኛው ጥሪ ነው። በዓመቱ ተመልሶ የሚደውለው ደንበኛ ማስታወቂያ አላስወጣኝም፤ 50ዋ እኔ ዘንድ ቀረች። ባለድርጅቶች በውሉ ውስጥ ከምንም በላይ የምንጠብቀው አንቀጽም ንዑስ ተቋራጩ የራሱን ካርድ ለደንበኛ እንዳይሰጥ የሚከለክለው ነው። ይህን በአደባባይ መናገሬ ለጓደኞቼ ላይጥማቸው ይችላል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ስለዚህ ጠያቂው በአዲስ ደንበኛ ላይ 45ን ተቀብሎ፣ «ያን ሰውዬ ላኩልኝ» ብሎ በሚመለስ ደንበኛ ላይ ከፍ ያለ ድርሻ ቢጠይቅ አያፍርበት። እኔ ብሆን እሰጣለሁ።

የስፕሪንግፊልዱ (ጠያቂ)፦

ጋሼ፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ «የተከፈለው 45 ከመቶ» ሲባል ቅናሽ ከተደረገ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ውሉ ላይ «የተሰበሰበ ገንዘብ» ይላል።

ከጋይተርስበርግ፦

«የተሰበሰበ» ካለ ከቅናሹ በኋላ ነው። ማለትም ደንበኛ ለመሳብ የ20 ዶላር ኩፖን ሲበትኑ 9 ዶላሩን የምትከፍለው አንተ ነህ፤ ሳትጠየቅ። ማስታወቂያው የእነሱ ድርሻ ከሆነ ኩፖኑም የእነሱ መሆን አለበት። የካርድ ክፍያውንም ከላይ ቀንሰው እንደሆነ ጠይቅ።

አንዴ የተቃጠልኩ፦

ሒሳቡን ሌሎች ጨርሰውታል፤ እኔ የማዋጣው አንድ የሱፍ ምንጣፍ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ነበር፣ በንዑስ ተቋራጭነት። ቢሮው «ሳሎን፣ ኮሪደርና አንድ ትንሽ ምንጣፍ» ብሎ ላከኝ። ትንሹ ምንጣፍ በእጅ የተሠራ ሱፍ ነበር። እኔ የማውቀው ናይሎንና ፖሊስተር ነው፤ ለእነሱ የምጠቀምበትን ጠንካራ ሳሙና ረጭቼ በሙቅ ውሃ አጠብኩት። ቀዩ ቀለም ነጩ ላይ ፈሰሰ። ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ጥግ ላይ ተጭኖ ማየት ነበረብኝ፤ ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከወጣ አለመንካት። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፣ ማንም አላስተማረኝም።

የተጠያቂነት መድን ነበረኝ፤ በኩራት ደወልኩ። ለካ የመድን ውሉ ውስጥ በእጄ ገብቶ እየሠራሁበት ባለ ንብረት ላይ የሚደርስን ጉዳት አንሸፍንም የሚል አንቀጽ ነበረበት። ተንሸራትቼ የደንበኛውን ቴሌቪዥን ብሰብር ይከፍሉ ነበር፤ የማጥበውን ምንጣፍ ባበላሽ ግን አይከፍሉም። ለዚያ የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን ለብቻው ይገዛል። ድርጅቱ 1,800 ዶላር ከሳምንት ክፍያዬ እየቆረጠ አስመለሰ። ውሉ ይፈቅድለት ነበር፤ ፈርሜያለሁ።

ማሽን ከመግዛትህ በፊት ሥራውን ተማር። አይአይሲአርሲ የተባለው የሙያ ማረጋገጫ ተቋም አጫጭር የምንጣፍ ጽዳት ሥልጠናዎች አሉት። ከዚያም ይልቅ ከሠለጠነ ሰው ጋር ጥቂት ሳምንት ዋል።

የባዶ ቤቶች እመቤት፦

ወንድሜ፣ ሁላችሁም የምታወሩት ሰው ስለሚኖርበት ቤት ነው። እኔ የማጥበው ተከራይ የለቀቀውን አፓርታማ ነው፤ ከኪራይ አስተዳዳሪዎች ጋር በቀጥታ የተዋዋልኩ ነኝ። ለባለ አንድ መኝታ 80 ዶላር ቁርጥ። ከመቶ የሚባል የለም፣ ኩፖን የለም፣ የሚገፋ ሶፋ የለም፣ «እዚህ ጋ ቀረህ» የሚል ሰው የለም። አንድ ግቢ ውስጥ በቀን አራት ቤት ሠርቼ 12 ማይል ብቻ ነድቼ እመለሳለሁ። 320 ዶላር ነው። ለማይሉ 8 ዶላር ከ40፣ ለሳሙና 24 ስታነሣለት 287 ከ60 ይቀራል፤ ሰዓቱም ስድስት አይሞላም።

ችግሩን አልደብቅህም። ሥራው የሚመጣው ወሩ ሲያልቅና ሲጀምር ነው፤ መሐሉ ላይ እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ። ክፍያው በ30 ቀን ይባላል፣ በ45 ይመጣል፤ የሁለት ወር ስንቅ ከሌለህ አትጀምረው። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሊጠብቅህ ይችላል፤ በእጅ የሚገፋ ማሽን ደግሞ ያለ መብራት ብረት ነው። ስለዚህ ከዋዜማው ደውለህ አረጋግጥ። (ባለ ሁለት ገመድ ማሽን ከገዛህ ሁለቱን ገመዶች በተለያየ መስመር ላይ ባሉ ሶኬቶች ሰካ፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን ሳላውቅ ግማሽ ፎቅ አጨልሜያለሁ።) የመድን ማረጋገጫ ወረቀት ላይም የግቢው ባለቤት ስም እንዲጻፍ ይጠይቁሃል፤ የመድን ወኪልህ ያወጣልሃል።

የግቢ አስተዳዳሪዎችን ያገኘሁት በእግሬ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ። ከ20 ቢሮ ሁለቱ ሥራ ሰጡኝ፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ አሉ።

ሒሳብ ያዥ፦

ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ከድርጅቱ ጋር የምትፈርመው ውል ለሌላ እንዳትሠራ የሚከለክል ከሆነ በሩ ይዘጋብሃል። ሳትፈርም አንብበው።

የስፕሪንግፊልዱ (ጠያቂ)፦

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለስኩ። ውሉን ከመሳቢያው አስወጥቼ (ባለቤቴ ፈቅዳ) ከድርጅቱ ኃላፊ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተነጋገርኩ።

የሰጡኝ፦ ሥራው ፌርፋክስ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ብቻ ይሆናል። ድርሻዬ ከኩፖኑ በፊት ባለው ዋጋ ይሰላል። አዲስ ደንበኛ 45፣ ተመልሶ እኔን የሚጠይቅ ደንበኛ 55 ከመቶ። ቅሬታ ሲመጣ ሌላ ሰው ከመላካቸው በፊት እኔ በሰባት ቀን ውስጥ ሄጄ እንዳስተካክል ዕድል ይሰጡኛል። ለሌላ መሥራትን የሚከለክለውንም አንቀጽ ሰርዘውታል፤ የእነሱን ደንበኞች እንዳልነካ የሚለው ግን ይቆያል፤ እሱ ተገቢ ነው ብዬ አልተከራከርኩም። የከለከሉኝ፦ ለአንድ ጉዞ ዝቅተኛ ክፍያ። አንድ ክፍል ብቻ ለማጠብ ብሄድም ያው 45 ነው።

ማይሉን በቀን 45 አድርጌ እንደገና ሠራሁት። ለመኪና 157 ዶላር ከ50 ብቻ ይሆናል፤ ትርፉ ወደ 930 ከፍ ይላል፤ የግል ሠራተኛው ግብር 131 ሲነሣለት 798 ዶላር ከ59። መንገዱ ስለሚያጥር ቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። በሰዓት 18 ዶላር ከ79 ወጣልኝ። ከመቶው አንዲትም ሳይጨመርበት! ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አይታ «አሁን ይህ ሒሳብ ነው» አለች፤ ከዚያ ግን «በቀን ሦስት ቤት እንደሚሰጡህ የት ተጽፏል?» ብላ መሳቢያው ውስጥ መለሰችው። አልተጻፈም።

ከጋይተርስበርግ፦

ባለቤትህን ለእኔ ቢሮ ብትልካት ደመወዝ እከፍላታለሁ። ሦስት ቤት ማንም አይጽፍልህም፤ ከገና በኋላ ባሉት ሳምንታት እኔ ራሴ ለሰዎቼ በቀን አንድ መስጠት የሚያቅተኝ ጊዜ አለ። ሰዎቹ ጨዋ ከሆኑ ያለፈውን ዓመት የቀጠሮ ብዛት በየወሩ ያሳዩሃል። ጠይቃቸው፤ ካላሳዩህ በሁለት ቤት አስልተህ ወስን።

የስፕሪንግፊልዱ (ጠያቂ)፦

በሁለት አሰላሁት። በሰዓት 15 ዶላር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አልፈረምኩም፣ አልሰረዝኩትምም። የእቁቡን ገንዘብ አልነካውም። ቱቦ ጎታች በግል ጽፎልኝ ረዳት ስለሚፈልግ ለሦስት ሳምንት በቀን ሒሳብ አብሬው እውላለሁ። በዚያ መሐል የባዶ ቤቶች እመቤት እንዳለችው ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት በሰፈሬ ያሉትን ግቢዎች እዞራለሁ።

ቱቦ ጎታች፦

ማክሰኞና ረቡዕ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ና፤ እስከዚያ ብቻዬን እወጣዋለሁ። ሰኞ ግን ጠዋት 7 ሰዓት፣ ሁለቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። አንዱ በሐበሻ ሰዓት ቆጥሮ ከቀትር በኋላ መጥቶብኛል። የጉልበት መከላከያና የማያንሸራትት ጫማ ይዘህ ና። የመጀመሪያው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም።